የክር ሥዕልና የሠሪው እጅ

ሥዕል ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ቀለምና ብሩሽ ነው። ይሁን እንጂ የሰውን መልክ በክር የማውጣት ጥበብም አለ። በዘመናችን አንዳንድ አፍሪካውያን ሠዓልያን በጣውላ ላይ ምስማር ይደረድሩና ከምስማር ወደ ምስማር ክር እየወጠሩ የሰው ፊት ያወጣሉ። ክሩ ሲደራረብ ጥላ፣ ሲሳሳ ብርሃን ይሆናል። ክሩ እንዳይላላም ሆነ እንዳይበጠስ ውጥረቱን የሚለካው ጣት ነው።

ክርና ምስማር በአገራችን የሸማኔንና የብረት ቀጥቃጭን ሙያ ያስታውሳሉ። ኅብረተሰቡ በሥራቸው ሲገለገል ኖሮ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ያንቋሽሻቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ሥር የሰደደው ልማድ ግን በአንድ አዋጅ የሚነቀል አልነበረም።

ለዚህ ዓይነቱ ንቀት አንዱ ምስክር በጎንደር ዘመን የተሠራው የሐር መንጦላዕት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ከውጭ በመጣ ሐር፣ ድሩን ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች እያዞሩ የሠሩት ይህ መጋረጃ ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። በላዩም የሰዎች ምስል በክር ተሠርቶበታል። ከእነዚህ መጋረጃዎች አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ለንደን ተወስዶ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ሌላው በካናዳ፣ በቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ተቀምጧል። ምሁራን በምስሎቹ ውስጥ የዐፄ በካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ ለይተው ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። የሠሪዎቹ ስም ግን የትም አልተመዘገበም።

የክር ጥበብና የተናቀ እጅ በቅርቡ ዘመንም የተገናኙበት ስፍራ አለ፤ እርሱም በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ነው። በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት በጊዜው ከከተማው ወጣ ባለው በዚህ ስፍራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ተቋቋመ፤ በልዕልት ዘነበወርቅ ስምም ተጠራ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ቢመለሱ የሚቀበላቸው ስላልነበረ በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለመላው አፍሪካ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ።

ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ተሐዋሲ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በዚህም ሥጋ ደዌ ርግማን ወይም የዘር ውርስ ሳይሆን ተላላፊ በሽታ መሆኑ ታወቀ። በሕንድ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ደግሞ ጣትን የሚያቆስለው በአብዛኛው የስሜት መጥፋት መሆኑን አስረዳ፤ ሕመም የማይሰማው እጅ እሳትና ስለትን አይሸሽምና። ቀዶ ሕክምና የታጠፈውን ጣት ይዘረጋል፤ የሞተውን ስሜት ግን አይመልስም።

እንግዲህ በአለርት ግቢ «ብርሃን ታየ» በተሰኘው የሥራ ማኅበር ከበሽታው የተረፉ ሰዎች መርፌና ክር ይዘው የግድግዳ ጌጥና የትራስ ልብስ መጥለፋቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስሜቱን ያጣ ጣት መርፌ ሲወጋው አይናገርም። ስለዚህ ጠላፊዋ ሌላው ባለሙያ በጣቱ የሚያውቀውን በዐይኗ እየጠበቀች፣ ክሩ መላላቱንም ሆነ መጥበቁን እያየች ትሠራለች። ጥልፏን የሚገዛው ሰው ምናልባት ቀደም ሲል እጇን ለመጨበጥ ይፈራ የነበረ ነው። በዚህ ሥራ የተገኘው ገቢ ከልመና ማዳኑ ብቻ ሳይሆን፣ የእጅዋ ፍሬ ወደማትጋበዝበት ቤት ገብቶ በክብር መሰቀሉ ጭምር ሊታሰብ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የተጣመሩ መድኃኒቶችን እንዲሰጡ ካሳሰበ ወዲህ ሥጋ ደዌ በጊዜ ከታከመ ያለ አካል ጉዳት የሚድን በሽታ ሆኗል። በስሜት አልባ ጣት መጥለፍ ለመጪው ትውልድ እንግዳ ነገር ቢሆን የሚያስደስት ነው። የጎንደሩን መንጦላዕት ሠሪዎች ስም ዛሬ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የዘነበወርቅ ጥልፍ ግን የዘመናችን ሥራ ነውና፣ ጨርቁ ወደ ሙዚየም ከመግባቱ በፊት የሠሪዎቹን ስምና የሥራ ዘዴ መዝግቦ ማቆየት ለኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የተተወ ግዴታ ነው።