ሸክላ እና ዲጂታል፦ የትኛው ድምፅ ይልቃል?

በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ሙዚቃ ዛሬ በአብዛኛው የሚደመጠው በስልክና በሚሞሪ ካርድ ነው። ሆኖም ከቀደምት ዘፈኖች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የወጡት በሸክላ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው መካከል የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይገኙበታል።

የሸክላ መርፌ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ሲሄድ የሚፈጠረው ንዝረት ወደ ድምፅ ይለወጣል። ስለሆነም አቧራና ጭረት አብረው ይሰማሉ፤ ሸክላው በተደጋጋሚ ሲጫወትም ቦዩ ይሳሳል። ሲዲ በአንጻሩ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በቁጥር ይመዘግባል። ኤምፒ3 ደግሞ ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ እምብዛም የማይለየውን ድምፅ ያስወግዳል፤ ከልክ በላይ ሲታመቅ ግን የማሲንቆው ድምፅ ሳይቀር ይደበዝዛል።

በመለኪያ ሲዲ ይልቃል፤ የሸክላን ለዛ መምረጥ የጣዕም ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ከተጫረ ሸክላ የተቀዳ ፋይል ጭረቱን ይዞ ይባዛል። የስቱዲዮ ቴፑ ለጠፋ ዘፈን ሸክላው እንደ ሩዝ ዘር ነው፤ ንጹሑ ካልተጠበቀ የሚተካው የለም። ስለዚህ ሸክላን ከአቧራና ከፀሐይ ጠብቆ ማቆም፣ ሲቀዳም በቅድሚያ ባልታመቀ ፋይል ማስቀረት፣ ከዚያም በኤምፒ3 ማባዛት ይገባል።