አፋምቦ፦ ጠረፍ ዘለል አነስተኛ ንግድ

አፋምቦ በአፋር ክልል አውሲ ረሱ ዞን የምትገኝ፣ በምሥራቅ ከጅቡቲ የምትዋሰን ወረዳ ናት። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው በዚሁ አካባቢ ሐይቆች፣ በመጨረሻም በአቤ ሐይቅ ነው።

የአካባቢው ሰው ከዓለም ገበያ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በአቅራቢያው ባለው ተንዳሆ ጥጥ ሲያለማ፣ በአውሳው ሱልጣን በአሊሚራህ ሐንፈሬ ዘመን የአካባቢው አፋሮችም በራሳቸው ማሳ ጥጥ ያመርቱ ነበር። የኩባንያው እርሻ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ።

ዛሬ ከጅቡቲ ጋር የሚነግደው የጠረፉ አነስተኛ ነጋዴ ትልቁ ካፒታል ዝምድና ነው፤ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖረው ያው የአፋር ሕዝብ፣ ቋንቋውም አንድ ነው። ፈተናው ምንዛሪ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ሲሆን፣ የብር ዋጋ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ይወሰናል። ስለዚህ ብር በወረደ ቁጥር ፍየሉን በፍራንክ የሸጠ አርብቶ አደር እጁ የሚገባው ብር ይበዛል፤ ሩዝ በፍራንክ ገዝቶ በብር የሚቸረችረው ባለሱቅ ደግሞ የሸጠበት ገንዘብ መደርደሪያውን መልሶ አይሞላለትም። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን የምንዛሪ አደጋ በከፊል ለባንክ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ባለሱቁ ብቻውን ይሸከመዋል።

በክልሉ ዋና ከተማ በሰመራ ሆኖ ዓለም አቀፍ ንግድና ሥራ ፈጠራ የሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመስክ ጥናት ቦታ በቅርብ አያገኝም።