ስለ ጥንተ አብሶ፤ የሞርሞኖች ትምህርትና የእኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከቢስቲማ እስከ ደሴ፣ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ጥር 19 ቀን በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ሞርሞን የሚባሉ ሰዎች ሁለት ማዕድ ጾመው፣ የምግባቸውን ዋጋ በኢትዮጵያና በሌላውም የአፍሪካ ክፍል ለተራበው ሰጡ፤ የተሰበሰበውም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። (ዕለቱ እሑድ ነበር፤ በእኛ ሥርዓት ግን በእሑድ ከእህል ከውኃ ተከልክሎ አይዋልም።) ያበላን ሰው ይመስገን፤ ምጽዋቱ ምጽዋት ነው። ትምህርቱ ግን ለብቻው ይመረመራል።

ይህ ማኅበር በ1822 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዮሴፍ ስሚዝ በተባለ ሰው የተመሠረተ ነው። ስለ ኃጢአት የሚያስተምረው ትምህርት ከእኛ የሚለየው ከሥሩ ነው። አዳም ዕፀ በለስን መብላቱን መተላለፍ እንጂ ኃጢአት አይሉትም፤ ባይወድቅ ኖሮ ልጅ ባልወለደ ነበርና ውድቀቱ ለበጎ ሆነ ይላሉ። ሰውም የሚቀጣው በገዛ በደሉ ብቻ ነው ስለሚሉ፣ ሕፃንን 8 ዓመት ሳይሞላው አያጠምቁም።

እኛስ ምን እንላለን? የመባዛት በረከት በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ከውድቀቱ አስቀድሞ ነው። እግዚአብሔር የባረከውን ለመፈጸም ትእዛዙን ማፍረስ የግድ ከሆነ፣ በረከቱና ትእዛዙ ተጣሉ ማለት ነው፤ ይህንንስ ማን ይቀበለዋል? አበው ያን በደል ጥንተ አብሶ ብለውታል። አዳም ልጅነቱን አጣ፤ ሞትም በዘሩ ሁሉ ላይ ሠለጠነ። በኩፋሌ እንደ ተጻፈ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገብተዋልና፣ እኛም ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን እናጠምቃለን። ሕፃኑ የሚጠመቀው ሰርቆ ወይም ዋሽቶ አይደለም፤ አዳም ያጣውን ልጅነት ሊቀበል ነው።

ይህን ስትሰማ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ልጅዋን ሳታስጠምቅ የቀበረች እናት ልብዋ ይቆስል ይሆናል። እናቴ ሆይ፤ ሕፃንሽ ክፉ ሥራ ሠርቶ ሞተ የሚልሽ የለም። ነፍሱ በፈጣሪው እጅ ናት፤ ከዚያ አልፎ መፍረድ የቄስ ሥልጣን አይደለም።

ዛሬ ግን ሕፃን ታሞ ለሞት ያሰጋ እንደ ሆነ 40 ወይም 80 ቀን አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ቄሱን ቀስቅሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።