የአንኮበር ዳገትና ምድር ባቡር

አገር በመንገድ ይከብራል፤ መንገዱ ሲለወጥም ይረሳል። ለዚህ ነገር በሰሜን ሸዋ ከመንዝ በስተደቡብ፣ በይፋት አፋፍ ላይ የምትገኘው አንኮበር ምስክር ናት። የምድር ባቡር ሐዲድ ከቶ አልደረሰባትም፤ ዳሩ ግን ባቡርን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የደከመው መሐንዲስ አስቀድሞ የመጣው ወደ እርስዋ ነው፤ ባቡሩም ሲመጣ የእርስዋን ንግድ ወሰደ።

የሸዋ መሳፍንት ትውልድ በመንዝ አጋንቻ ከነጋሢ ክርስቶስ ይጀምራል። ወራሾቹም እየሰፉ ወደ አፋፉ ቀርበው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ጊዜ አንኮበር መቀመጫ ሆነች። ቦታው ቆላውን ቁልቁል ለመጠበቅ ይመቻል፤ ከታጁራ የሚመጣውም የባሕር መንገድ ከሥሩ ያልፋል።

በዚህ መንገድ የሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ፣ በኋላም ጠመንጃ ያመጣ ነበር። ግመል ዳገቱን ስለማይችል ጭነቱ ፋሬ ላይ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል። ከከተማይቱ በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ደገኛው እህሉንና ባናውን፣ ቆለኛው ጨውን ይዞ ይገናኝ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ሐሪስም በዚሁ ዳገት ወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት በአንጎለላ የወዳጅነት ውል ተፈረመ።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር ንጉሥ ምኒልክን ለማገልገል አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን ብዙ ሳይቆዩ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ። በ1879 ዓ.ም. ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ቢመጣ፣ በአንኮበር ንጉሡን አላገኘም። ኢልግም በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲቀበል፣ የተጻፈው መሥመር ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ ወደ ነጭ ዓባይ ነበር። አንኮበር አልተጠራችም።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። የባቡር መንኰራኵር ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ ስለሚሽከረከር ብርቱ ዳገት አይወጣም። ሐረር እንኳ፣ ስሟ በፈቃዱ ተጽፎ ሳለ፣ በተራራዋ ምክንያት ቀረች፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌዋ ድሬዳዋ ላይ አረፈ። ከዚያም በአዋሽ በኩል ዞሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ለሳምንታት በግመል ይጓዝ የነበረው ጭነት በጥቂት ቀን ስለ ደረሰ፣ የሲራራው ጩኸት ከአንኮበር ዳገት ራቀ፤ ከተማይቱም ትንሽ የገጠር ከተማ ሆና ቀረች።

ነገር ግን ወሳጁም ተወሰደበት። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው አሮጌ ሐዲድ በተራው አርጅቶ፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም በሌላ ሐዲድ፣ ከከተሞቹ መካከል ርቆ ይሄዳል።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት ፈርሶ ከኮረብታው ላይ የቅጥር ፍራሽ ብቻ ቀርቷል። በዙሪያው ያሉት ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለምና ተክለ ሃይማኖት ግን ቅዳሴያቸው አልታጐለም። ነጋዴ ትርፉን፣ ንጉሥም ዙፋኑን ተከትሎ ይሄዳል፤ ደብርን የሚያጸናው ግን መንገድ ሲቀየር አብሮት ያልሄደው ሕዝብ ነው።