«ደህና» የሚል መዝገብ

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ከሰጡ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሐዲዱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። መናገሻ ከተማዋ የባቡሩን ፉጨት የሰማችው ንጉሠ ነገሥቱ ካለፉ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ታሪክ ጀማሪና ጨራሽ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ጀማሪው ሐውልት ይቆምለታል፤ ጨራሹ ሪባን ይቆርጣል። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ያለውን ረጅም ዘመን በጫንቃው ተሸክሞ የሚያልፈው ሰው ግን ስሙ በአደባባይ የሚጠራው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀብሩ ዕለት።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አጎቴ ነበሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኛ የእህታቸው ልጆች «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በ94 ዓመታቸው፣ በተወለዱባት በድሬዳዋ አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አይተው ስለሄዱ ለቅሶው መሪር አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን አንድ ነገር የጎደለበት ይመስል ነበር። ምን እንደጎደለን ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ሐዲዱ ወደተዘረጋበት ዘመን መመለስ አለብን።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ማስገባት ነበር፤ ተራራው ግን ወጪውን አናረው። ስለዚህ የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት በሚያሰማሩበት ሜዳ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሟንም «አዲስ ሐረር» አሏት። ስሙ አልጸናም፤ ከተማዋ ጸናች። በዴቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ግራና ቀኝ ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች አደጉ፤ ሐረሪውና ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው የአገሩ ሰው በአንድ ገበያ ተገናኘ። ሐዲዱ ራሱ ግን ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆሞ ቀረ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካ። በታላቅ ተስፋ መጀመር፣ መሐል መንገድ ላይ መቆም፣ በሌላ እጅ እንደገና መነሳት፦ ይህ ዑደት ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ጎብኝቶናል።

ጋሼ የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በተመረቀበት ዓመት። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነስተው በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ጋሼ ከዚያ ሰሞን የሚያስታውሱት ባቡሩን አልነበረም፤ የአዋቂዎቹን ዝምታ ነበር። አባታቸው ማታ ከሥራ ሲመለሱ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። በማግስቱ ግን አባታቸው መፍቻቸውን ይዘው እንደወትሮው ወደ ሐዲዱ ሄዱ። ጠላት ገባ፣ ጠላት ወጣ፤ ብሎኑ ግን ይላላል፣ የሚያጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

ነጻነት ከተመለሰ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ጋሼም በአባታቸው መንገድ ገቡ። የሐዲድ ጥገና ሥራ እንዲህ ነው። መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። በረሃው ውስጥ ብረት በቀን ሐሩር ይረዝማል፣ በሌሊት ብርድ ያጥራል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ደግሞ ንዝረቱ ብሎኑን በትንሽ በትንሹ ያላላዋል። ስለዚህ ሰው በእግሩ መሄድ አለበት። ሲሄድ ሐዲዱን በመዶሻ መታ ያደርጋል፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የታመመው ድምፁ ይታፈናል። ጋሼ በስተርጅና ጆሯቸው ሰው ሲያወራ ብዙም አይሰማም ነበር፤ የሸክላ ድስት ግን በጣታቸው ኳ አድርገው ስንጥቅ እንዳለው ይነግሩን ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ። የመሐንዲሶቹን ትእዛዝ የሚረዱበትን ያህል ፈረንሳይኛ አወቁ፤ ከሶማሌው ባልደረባቸው ሶማሊኛ፣ ከኦሮሞው ኦሮምኛ ተማሩ። ደመወዛቸው ብዙ አልነበረም፤ ሆኖም አምስት የእህት ልጆችን ከራሳቸው ልጆች ሳይለዩ አስተማሩ። አጎት በእኛ ባህል የሩቅ ዘመድ አይደለም። አባት ሲጎድል አባት ይሆናል፤ አባት ሳይጎድልም ልጁ ለአባቱ ሊናገር ያልደፈረውን የሚሰማ ጆሮ እሱ ነው። የእኔም ትምህርት ሊቋረጥ ሲል አልገሠጹኝም፤ አንድ ንጋት ቀስቅሰው ወደ ሥራቸው ይዘውኝ ሄዱ። ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ዝም ብለን ተጓዝን። ስንመለስ «ዛሬ ያየኸው ነገር አለ?» አሉኝ። ምንም አልሆነም አልኳቸው። «ምንም እንዳይሆን ነው የሄድነው» አሉ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ምንም እንዳይሆን የሚደረገውን ሥራ የሚያውቅ የታሪክ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ታሪክ የሚጻፈው አንድ ነገር ሲሆን ነውና። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ መጽሐፍ ውስጥ ገባን፤ ድልድዮች ሲፈርሱ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ጋዜጣ ስለ ባቡሩ ጻፈ። የፈረሰውን መልሰው ያቆሙት ሠራተኞች ግን በዜናው ውስጥ ስም አልነበራቸውም፤ ጋሼ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ሲገቡ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ወራት ነበር የቀራቸው። አደጋው የደረሰው በእሳቸው ክፍል አልነበረም፤ ጥፋቱም የሐዲዱ አልነበረም። ሆኖም ቤት ገብተው ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአንድ ደቂቃ ቸልታ የሚፈርሰውን እምነት ለመገንባት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መስመሩ በአንድ ቀን አልሞተም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀስ በቀስ ሄደ። ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ዞረ፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ የሚጠግኑት አርጅተው ወጡ፣ ምትክ አልመጣም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባው ጉዞ ቆሞ ነበር። ኤረር ጣቢያ ላይ ለተሳፋሪ ብርቱካን የሚሸጡ እናቶች ባቡር ሳይመጣ ዋሉ። ሐዲዱም ቦታ ቦታ እየተነቀለ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ጋሼ ያን ሲሰሙ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አሉ፤ ሌባውን አልወቀሱም።

ወቀሳው የእኛ እንደሆነ ለማወቅ ከባቡሩም ርቀን ማየት እንችላለን። የኮንሶ እርከን በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመሰከረለት ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ከ400 ዓመት በላይ፣ በየትውልዱ ድንጋይ እየተካ የኖረ ሕዝብ መኖሩ ነው። ከድሬዳዋ ሽቅብ ባለችው ሐረርም አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነባው ጀጎል እስከ ዛሬ የቆመው ከዘመን ዘመን እየተጠገነ ነው። በየገዳሙ ያረጀ ብራና እንዳይጠፋ ቁም ጸሐፊው እንደገና ይገለብጠዋል፤ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ሣሩ ሲበሰብስ ምእመኑ ተሰብስቦ ይከድነዋል። አያቶቻችን ማቆየት መሥራት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ይህን ትምህርት የጣልነው እኛ ነን፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ሆነናል።

አዲሱም መጣ። መስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ ከድሮው ይሰፋል፤ ያኛው አንድ ሜትር ነበር፣ ይኼኛው 1 ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። ጋሼ ዘጠና ሊሞላቸው ሲል አንድ ጊዜ አሳፈርናቸው። ጣቢያው ከከተማው ራቅ ማለቱ ደስ አላሰኛቸውም፤ ባቡሩ ሳይንገጫገጭ ሲሄድ ግን እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ከዚያ ትኬት ወደሚያየው ወጣት ዞረው «ልጄ፣ ይህን ሐዲድ በእግሩ የሚሄድበት ማን ነው?» አሉት። ወጣቱ ጥያቄው አልገባውም፤ በትሕትና ሳቀ። ጋሼም ዝም ብለው መስኮቱን ማየት ቀጠሉ። ጥያቄው የመሣሪያ ጉዳይ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዛሬ ሐዲድን የሚፈትሽ ማሽን አለ፤ ማሽኑንም ቢሆን በየማለዳው የሚያስነሳ፣ ያየውን የሚያምንና የሚጨነቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከጡረታ በኋላ ጋሼ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ዕድር የሚቆመው በትልቅ ስጦታ አይደለም፤ በየወሩ በምትዋጣ ትንሽ ገንዘብና መዝገብ በሚይዝ ታማኝ እጅ ነው። ለቅሷቸው የተደረገበትን ድንኳን ሸራ ራሳቸው ነበሩ በክረምት መግቢያ እያሰጡ የሚያስፉት። በለቅሶው የጎደለን ነገር ያ እንደሆነ ሸራውን ቀና ብዬ ሳይ አወቅሁ፤ አንዱ ጥግ ተተርትሮ ነበር፤ ሁላችንም አየነው፣ ማንም አልተነሳም።

በአርባቸው ማግስት የእንጨት ሳጥናቸውን ከፈትን። መፍቻው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድም ዝገት ሳይነካው ተቀምጧል። ከሥሩ ደብተሮች ነበሩ። በየገጹ ቀን፣ ከጅቡቲ የተቆጠረው የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ ከጎኑም አንዲት ቃል፦ ደህና። ደህና። ደህና። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች፣ ምንም ያልሆነባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቀኖች። በእነዚያ ቀኖች ስንት እናት ከነልጇ፣ ስንት ነጋዴ ከነጭነቱ በሰላም አልፎ ይሆን? ማንም አያውቅም፤ ደህና ያለፈ ሰው ስለ ሐዲዱ አያስብም።

የመጨረሻው ገጽ የተጻፈው ጡረታ በወጡበት ቀን ነው። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር አለ። ከጎኑ ግን ያቺ ቃል የለችም። በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፋቸው የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ብሎን ላልቷል። መሸብኝ። ነገ የሚመጣው ያጥብቀው።»