በአገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ በኋላ የተጨመሩ የኤሌክትሪክ መስመሮች፦ አደጋቸውና አስተካከላቸው

በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚንቀሳቀሱት የቤት አውቶሞቢሎችና ሚኒባሶች መካከል ብዙዎቹ ከተመረቱ ረጅም ዓመታት ያስቆጠሩና ከአንድ በላይ ባለቤት የተፈራረቀባቸው ናቸው። እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ፍላጎቱ ቴፕና ድምፅ ማጉያ፣ አላርም፣ ተጨማሪ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ጂፒኤስ ወይም የኋላ ካሜራ ያስገጥማል። ዕቃው ሲበላሽ ወይም ተሽከርካሪው ሲሸጥ ዕቃው ይነቀላል፤ ሽቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት የሚሆን ሰው ከዳሽቦርዱ ሥር የሚረከበው የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ የሽቦ ክምር ነው።

ይህ ጽሑፍ «የተጨመረ መስመር» የሚለው በፋብሪካው ያልተዘረጋውንና ከምርት በኋላ በጋራዥ ወይም በባለንብረቱ የተገጠመውን ማናቸውንም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ መስመር መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። አደጋው የሚመነጨው መስመሩ የራሱ ፊውዝ ሳይኖረው ሲዘረጋ፣ መጋጠሚያው በአግባቡ ሳይሠራ ሲቀር ወይም ሽቦው ከሚሸከመው በላይ ሲጫንበት ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው ምንን ነው?

በተገልጋዮች ዘንድ በስፋት የሚታየው የተሳሳተ ግንዛቤ ፊውዝ ዕቃውን ከብልሽት ይጠብቃል የሚለው ነው። ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለ10 አምፒር ጭነት የተዘጋጀ ቀጭን ሽቦ 25 አምፒር ቢያልፍበት ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ በአጠገቡ ያለው ምንጣፍ፣ ስፖንጅ ወይም የሌላ ሽቦ ልባስ ሊያያዝ ይችላል። ፊውዙ ሽቦው ወደዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ራሱን ቆርጦ መስመሩን ይዘጋል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚቃጠልን ቀይ የ10 አምፒር ፊውዝ አውጥቶ በምትኩ አረንጓዴውን የ30 አምፒር መትከል ችግሩን አይፈታም፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ እንዲሆን ያደርጋል። በፊውዙ ቦታ የመዳብ ክር ወይም የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ማስገባት ከዚህም የከፋ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከሰውነቱ ብረት ጋር እየተነካካ ወይም ከአቅሙ በላይ እየተጫነ መሆኑን እየተናገረ ነውና መፈለግ ያለበት ምክንያቱ ነው።

የፊት መብራትን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በርካታ የቆዩ ተሽከርካሪዎች የሚጠቀሙበት ባለሁለት ክር አምፑል ለረጅም መብራት 60 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሁለቱ አምፑሎች በድምሩ 10 አምፒር ያህል ይወስዳሉ። ባለንብረቱ ብርሃኑ አነሰኝ ብሎ ባለ100 ዋት አምፑሎች ሲያስገጥም ፍጆታው ወደ 17 አምፒር ይጠጋል። በሽቦና በማብሪያ ማጥፊያው መነካኪያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በኤሌክትሪክ ፍሰቱ ካሬ በመሆኑ ጭማሪው ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። የመሪው ሥር ማብሪያ ቀልጦ የሚገኘው፣ የአምፑሉ ሶኬት የሚጠቁረውና የሚሰባበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃን ማነሱ ብዙ ጊዜ ከአምፑሉ ሳይሆን ከዛገ መጋጠሚያ ወይም ከደበዘዘ የመብራት መስታወት የሚመጣ ስለሆነ አምፑል ከመቀየር በፊት እነዚህን ማየት ይሻላል።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ተሽከርካሪዎች

በአገራችን በብዛት ከሚታዩት አነስተኛ የጃፓን አውቶሞቢሎች ጥቂት የማይባሉት ቀድሞ ለግራ መስመር አገር የተመረቱና በኋላ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ የሚቀየረው የመሪው ዘንግ ብቻ አይደለም። የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያዎቹ፣ የፍሬቻና የመጥረጊያ ማብሪያዎቹ፣ የሞተር ማስነሻ ቁልፉ፣ የፍሬን መብራት የሚያበራው በፔዳሉ ላይ ያለው ማብሪያ ሁሉ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ስለማይደርስ በየመካከሉ ተቆርጦ ይቀጠላል። በአንድ ዳሽቦርድ ውስጥ በርካታ መጋጠሚያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ደግሞ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው።

ሥራው በጥንቃቄ ከተከናወነ ለዓመታት ያገለግላል። ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ግን በጎርባጣ መንገድ ንዝረትና በሙቀት ምክንያት ይላላል። የናስትሮው ማጣበቂያ ከጊዜ በኋላ ይቀልጥና ይገለጣል። ምልክቶቹ አንዳንዴ የሚሠራና አንዳንዴ የሚቆም መጥረጊያ፣ ጎርባጣ ላይ ሲደርሱ የሚጠፉ የመለኪያ መብራቶች፣ ያለምክንያት የሚጠፋ ሞተር ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ አሳሳቢው የፍሬን መብራት መቋረጥ ነው፤ አሽከርካሪው ከወንበሩ ሆኖ አያየውምና ከኋላ የሚመጣው ተሽከርካሪ እስኪያገኘው ድረስ ላይታወቅ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ተሽከርካሪ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳ አጠገብ ወደ ኋላ አስጠግቶ ፍሬን በመያዝ የብርሃኑን ነጸብራቅ ቢያይ ይበቃዋል።

ማስተካከል የሚጀመረው ከባትሪው ነው

በሽቦ ክምር ላይ እጅን ከመጫን በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ኔጌቲቩ መቅደም ያለበት የፖዘቲቩን ብሎን በሚፈታበት ጊዜ ቁልፉ የተሽከርካሪውን ብረት ቢነካ ከፍተኛ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ሲመለስ ደግሞ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው። ከዚያም የነበረው ሁኔታ ከየአቅጣጫው በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዳሽቦርዱ ጀምረው የማይታወቅ ሽቦ ሁሉ በመቁረጥ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ተነሥቶ ወደ ውጭ መከተል ነው። ከፋብሪካው የወጡት ወፍራም መስመሮች ወደ ሞተሪኖ፣ ወደ ዲናሞና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄዱት ናቸው፤ የተሽከርካሪው መምሪያ መጽሐፍ ካለ ሌሎችም ይለያሉ። ከዚያ ውጪ በባትሪው ብሎን ሥር ተወሽቀው የሚገኙ ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ የተጨመሩ ናቸው። እያንዳንዱ ተራ በተራ እስከ መጨረሻው ይከተሉታል። መጨረሻው ላይ ዕቃ ከሌለ ከሥሩ ይነሣል፤ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ መተው ማስተካከል አይባልም። ዕቃው ካለና ባለንብረቱ ከፈለገው ከባትሪው 20 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይገጠምለታል። ፊውዙ ከዕቃው አጠገብ ቢሆን በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ በሙሉ ያለ ጥበቃ ይቀራል።

አንድ መስመር ከተነሣ በኋላ ባትሪው ታስሮ መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መጥረጊያና የሞተር አነሣስ ይፈተሻሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን አምስት ሽቦ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሞተሩ አልነሣ ሲል የቱ እንደሆነ ለማወቅ ከሚባክነው ጊዜ ያነሰ ነው። በተለይ የአላርም መስመር ከሞተር ማስነሻው ጋር ተቆርጦ የተቀጠለ ስለሚሆን ሳጥኑን ነቅሎ መጣል ብቻ ተሽከርካሪውን ያቆመዋል። የተቆረጠው የፋብሪካ ሽቦ መልሶ መገናኘት አለበት።

የሚቀጠል ሽቦ በመጭመቂያ መሣሪያ በሚጨመቅ የብረት ማያያዣ ይገናኝና በላዩ በሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ ይለብሳል። በካውያ መበየድም ይቻላል፤ ሆኖም ከብየዳው ጫፍ ላይ ሽቦው ስለሚደርቅና በንዝረት ስለሚሰበር እንዳይወዛወዝ መታሰር ይኖርበታል። ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ የሚገባ ሽቦ በብረቱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እንዳይፈገፈግ የጎማ ቀለበት ያስፈልገዋል። ከፍተኛ ኃይል የሚስብ ዕቃ ከሆነ ማብሪያው ኃይሉን በቀጥታ እንዳይሸከም ሪሌ ይገባለታል። በተለመደው ባለአራት እግር ሪሌ ላይ 30 ተብሎ የተጻፈበት እግር በፊውዝ በኩል ከባትሪው፣ 87 ወደ ዕቃው፣ 85 እና 86 ደግሞ ወደ ማብሪያውና ወደ ማሳ ይሄዳሉ።

ማሳን የተመለከተ

ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት፣ በጋራዥ ቋንቋ «ማሳ» የሚባለው መጋጠሚያ፣ የብዙ ግራ የሚያጋቡ ብልሽቶች ምንጭ ነው። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ የሚጨልምና የሚበራ ከሆነ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የኋላ መብራቱ ማሳ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪው ኔጌቲቭና በመብራቱ ማሳ መካከል በቴስተር ሲለካ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ብሎኑ ተፈትቶ ቀለሙና ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል።

ቆሞ ያደረ ተሽከርካሪ ባትሪው ሲያልቅበት

አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ የሚፈስሰውን ኃይል ማስለካት ይገባል። በሮች ተዘግተው ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፒር ያልበለጠ ፍሰት እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ግማሽ አምፒር ቢሆን ግን ባለ60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይራቆታል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቴስተሩን ማየት የትኛው መስመር እንደሆነ ይጠቁማል። ሁሉም ተነቅለው ፍሰቱ ካልቀነሰ የሚያፈስሰው ዲናሞው ወይም ከፊውዝ ሳጥኑ ውጪ በቀጥታ ከባትሪው የተያያዘ የተጨመረ መስመር ነው።

ባለንብረቱ ራሱ ሊነካቸው የማይገቡ

በቢጫ መሸፈኛና ሶኬት የሚታወቁት የኤርባግ መስመሮች፣ በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ ያሉ ብርቱካናማ ወፍራም ሽቦዎች እንዲሁም የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ መስመሮች ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተዋሉ። ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ መስመር ላይ በአምፑል መፈተሻ መፈተሽ ክፍሉን ሊያበላሽ ስለሚችል ዲጂታል ቴስተር ይመረጣል። ለባለሙያ ሲሰጥም «አስተካክልልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። የትኞቹ መስመሮች እንደተነሡ፣ የትኞቹ እንደቀሩ፣ የእያንዳንዱ ፊውዝ መጠንና ቦታው በአጭሩ ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። ወረቀቱ ለሚቀጥለው ባለሙያም ሆነ ለሚቀጥለው ገዢ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ምርመራ፣ መድንና የሽያጭ ውል

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ ምርመራ መብራቶችና ሌሎች የደኅንነት ክፍሎች በዕለቱ መሥራታቸውን ያያል እንጂ ዳሽቦርድ ፈትቶ መጋጠሚያ አይቆጥርም። ቦሎ የተለጠፈበት ተሽከርካሪ የውስጥ ሽቦው ጤናማ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድንም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተዘጋጀ ስለሆነ የባለንብረቱ ተሽከርካሪ በራሱ ሽቦ ቢቃጠል ካሳ አይከፍልም።

በመሆኑም ገዢ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ከመፈረሙ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪው ራስ ላይ ስንት ሽቦ እንደታሰረ መቁጠር፣ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ገልብጦ በላዩ የተጻፈውን መጠን ውስጥ ካለው ጋር ማመሳከርና የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት መኖር አለመኖሩን ማየት ይችላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያሳውቅ ስለሚጠብቅ ከርክክብ በኋላ የተገኘ ችግር ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ለሻጩ ቢደርስ ይመረጣል።

በጉዞ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ከዳሽቦርድ ጭስ ከታየ ተሽከርካሪው ከመንገድ ዳር ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ። እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ የዱቄት ማጥፊያ ይረዳል፤ ውሃ አይረጭበትም። ከኮፈኑ ሥር ጭስ የሚወጣ ከሆነ ኮፈኑን በአንድ ጊዜ መበርገድ አየር አስገብቶ እሳቱን ያባብሰዋል። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው።