ስጋት ሳያልፍ ጭንቀትን መቋቋም
ጭንቀት ሰውነት ለአደጋ የሚሰጠው ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይርቃል። አደጋው ሲያልፍ ምላሹም ይረግባል።

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግን ስጋቱ ተደራራቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተው በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች በሰፈሩ ስደተኞች ላይ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተደረበባቸው። እንዲህ የተራዘመ ጭንቀት የድክመት ምልክት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የጭንቀት መቋቋሚያ መመሪያ፣ ሐሳብ ሲበረታ እግርን መሬት ላይ ተጭኖ ቀስ ብሎ መተንፈስንና በዙሪያ ያለውን ማስተዋልን ይመክራል። ይህ ችግሩን ባያስወግድም፣ ሰው ቀጣዩን እርምጃ በሰከነ አእምሮ እንዲመርጥ ያግዛል። ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጡ መወያየትም ሸክምን ያቀልላል።

የዕለት ተግባርን ማከናወን ካቃተ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይዘገዩ የጤና ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል።